ከመርዶ በፊት ያየሁት ፓርክ

ይህን የምጽፈው ገላን ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩት የድሮ የካዛንቺስ ጎረቤቶቼ ነው። አብዛኞቻችሁ ሰፈራችን ለመንገድና ለፓርክ ፈርሶ ከተነሳን ወዲህ ተመልሳችሁ አላያችሁትም። አንዳንዶቻችሁም "ዓይኔን አላሳየውም" ብላችኋል። ሰሞኑን ደረጃ ላይ ስንገናኝ "እንዴት ነበር? ፓርኩስ ምን ይመስላል?" ትሉኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ በቃል ስናገር እቆራርጣለሁ። እሑድ ጠዋት በሃይገሩ የመጣችሁት መጨረሻውን አይታችኋል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ቀናት ግን ከእኔ በቀር ከመካከላችን ያየ የለም።

ላልሰሙት ከመነሻው ልጀምር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጋምቤላ ለእናቴ ተደወለ። ዳዊት ይርጋ፣ አብሮ አደጌ፣ የስልክ ታወር ላይ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው፣ ወባ ጥሎት ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞቷል። ሙቀቱም መንገዱም አስከሬን የሚያሻግር ስላልነበረ የሥራ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል። እናቴን ያገኟት ዳዊት "ምናልባት አንድ ነገር ብሆን" ብሎ የሰጣቸው ቁጥር የእሷ ስለሆነ ነው። የአባቱን የጋሽ ይርጋን ቁጥር አልሰጠም። አባቱ እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ፣ ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አልፈለገም ማለት ነው።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድሙ ያገኛቸውን ሰዎች እኛ ቤት ሰበሰበ። ድሮ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን ለብሰው ጥቂት በሮች አልፈው ያንኳኳሉ፤ በቃ። አሁን ግን አንዱ ገላን ነው፣ አንዱ አራብሳ፣ አንዱ የካ አባዶ። ጋሽ ይርጋ ራሱ ላንቻ ነው ያለው፤ የደረሰው ቤት አራተኛ ፎቅ ስለሆነ ጉልበቱ አልቻለውም፣ ቁልፉን "ለዳዊት ሰርግ" ብሎ አስቀምጦ የጓሮ ክፍል ተከራይቷል። በዚያ ላይ የጋሽ ይርጋ እህት ከደብረ ብርሃን ቅዳሜ ማታ ነው የምትደርሰው። ስለዚህ መርዶው እሑድ ጎህ ሲቀድ ይሁን ተባለ።

"እስከዚያ ወሬው እንዳይቀድመን ሰው አጠገቡ ይሁን" አለ ጋሽ ወንድሙ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ስልክ እጠግናለሁ። ማንም ሳያስተምረኝ፣ የተበላሹትን እየፈታሁ የለመድኩት ሥራ ነው። የጋሽ ይርጋን ስልክ ከእጁ ወስዶ ሳያስጠረጥር ማቆየት የሚችለው እኔ ነኝ ማለታቸው ነበር።

አርብ

ከገላን ስነሳ እንደ ሁልጊዜው ነፋስ ነበር። በቦርሳዬ መፍቻዎቼን፣ ወረንጦዬንና አንድ ቅያሪ ልብስ ይዣለሁ። እናቴ በር ላይ አቁማኝ ፊቴን አየችና "ተመልሰህ ታጠብ፤ ዓይንህ ያስታውቃል" አለችኝ። ታጠብኩ። ውኃው ያን ቀን እድለኛ ሆነን ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ ነበር።

እስከ ቃሊቲ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሄድኩ። ረዳቱ "ሳሪስ፣ ጎተራ፣ ላንቻ፣ ለገሃር!" እያለ ሲጣራ ድምፁን ከሩቅ የምሰማው ይመስለኝ ነበር። ሳሪስን አልፈን ጎተራ ስንደርስ ሚኒባሱ አጓርቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ሞተሩን ከፈተና "ቺንጊያ ነው" አለ፤ የሞተሩ ቀበቶ ተበጥሷል ማለቱ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ ተነጫነጨ። እኔ ደስ አለኝ። መኪና ሲበላሽብኝ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ የነበረች ዘንቢል የያዘች ሴት "አንተ አትቸኩልም እንዴ?" አለችኝ። "አልቸኩልም" አልኳት። ከዘንቢሏ ሙዝ አውጥታ ሰጠችኝና "ያልቸኮለ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሳይ ደስ ይለኛል" ብላ ሳቀች። ከጎተራ በእግሬ ወረድኩ።

የጋሽ ይርጋ ክፍል ላንቻ ከአንድ ጎሚስታ ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ናት። ጎማ የሚነፋው መሣሪያ በጮኸ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ወለሉ ሲሚንቶ፣ አልጋ፣ ሁለት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የዳዊት የምረቃ ፎቶ። ለእኛ ኮንዶሚኒየም ከሰጠን ነገር አንዱ ዝምታ ነው፤ እዚህ ግን ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ" ማለት ይቻላል።

የማታውቁት ካላችሁ፣ ጋሽ ይርጋ ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ገና በሩ ላይ ሲያየኝ፣

"ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። "ሚኪ! በመጨረሻ መጣህ? የገላን ሰው እኮ ሲጠሩት አይመጣም፤ ሳይጠሩት ነው እንዴ የሚመጣው?"

"ስታዲየም አካባቢ ዕቃ ልገዛ ነው ጋሼ። እስከ እሑድ ባስቸግርዎትስ?"

"ማስቸገር! አልጋው ላይ አንተ፣ መሬት እኔ።"

"ኧረ በፍጹም!"

"እንግዲያው ሁለታችንም አልጋው ላይ፤ ጠጋ ጠጋ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ስንት ሰው አጣብቄአለሁ፣ አንተ ቀጫጫው ልታስቸግረኝ?" ትከሻዬን ጨበጠው። "ፓርኩን ሳላሳይህ አትሄድም። ለዳዊት እየተለማመድኩበት ነው። ለገና ሲመጣ አንድ ቀን ሙሉ አስጎበኘዋለሁ፤ አንተን መጀመሪያ ልሞክርብህ።"

ቦርሳዬን ለማስቀመጥ አጎነበስኩ፤ ቀና ለማለት ትንሽ ቆየሁ።

ስልኩን ራሱ አመጣልኝ። "ይቺ ጉድ ደግሞ እየተንተባተበች ነው። ዳዊት ሲደውል ግማሹን ነው የምሰማው።" በርጩማው ላይ ጨርቅ አንጥፌ ፈታሁት። ድምፅ ማውጫው ላይ አቧራ ነበር፣ ሌላ ምንም። በብሩሽ ጠርጌ ወዲያው ልመልስለት እችል ነበር። "ቦርዷ ላይ አንድ ዕቃ ተቃጥሏል ጋሼ፤ ሰኞ ነው የሚገኘው" አልኩት። በዚህ ሥራ ደህናውን ስልክ ተበላሽቷል ብዬ አላውቅም ነበር። ይህን የሚያደርጉ እንዳሉ ታውቃላችሁ፤ እኔ ግን እስከዚያ ቀን አላደረግኩትም ነበር።

"ዳዊት ቢደውልስ?"

"ሲያጣዎት በእኔ ይደውላል።"

"እሱስ እውነት ነው" አለና ለቀቀኝ።

አከራዩ እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ ባላቸው ሞተው ግቢውን ብቻቸውን የሚያስተዳድሩ ሴት። ጋሽ ወንድሙ ጠዋት ደውሎ ነግሯቸዋል። ምሳ ሽሮና ጎመን ከቆጮ ጋር አቀረቡልን፤ አርብ እንደሆነ አስታውሰው ጎመኑን በዘይት ነው የሠሩት። እጄን ልታጠብ ቧንቧው ጋ ስሄድ ተከተሉኝ።

"ስማኝ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰው ከሰማ በኋላ አይበላም። እስከ እሑድ እኔ አበላዋለሁ። አንተ ደግሞ አስቀው።"

"እኔ ማሳቅ አልችልም እትዬ።"

"ወላሂ አያለሁ አለመቻልህን። እንግዲያው እሱ ሲያስቅህ ሳቅለት። እሱም ይበቃዋል።"

ከሰዓት በኋላ በመሿለኪያ አድርገን በስታዲየም በኩል፣ መስቀል አደባባይን አቋርጠን ወደ ካዛንቺስ ወጣን። ጋሽ ይርጋ በጉልበቱ ምክንያት ቀስ ይላል፤ በየመታጠፊያው ግን የድሮውን ፌርማታ ይጠራል። "ስታዲየም! ወራጅ!" ሲል ኳስ ሜዳው አጠገብ ካልሲ የሚሸጥ ጎረምሳ "አባባ፣ ሂሳብ ተቀብለሃል?" አለው። "አንተን በነፃ ነው የምጭንህ፣ ካልሲህ ይሸታል" ብሎ መለሰለት። ልጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እትዬ ዘይነባ እንዳዘዙኝ።

አሁን ካዛንቺስ እንዴት ነው ላላችሁኝ። መንገዱ ሰፊ ነው። የእግረኛው ንጣፍ ግራጫና ቀይ፣ የብስክሌቱ መስመር ለብቻው፣ መብራቶቹ ረጃጅም፣ በመካከል ሳር። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ጭቃ የለም። ግን እግሬ የት እንደሚታጠፍ አላወቀም። እኛ ቤት የሚያስገባው ቅያስ መጀመሪያ ላይ የነበረችው የጀበናዋ ልጅ ቦታ የአበባ መደብ ሆኗል። ገላን ውስጥ አቅጣጫ ስንናገር በብሎክ ቁጥር ነው፤ እዚህ "ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ" ነበር የምንለው፤ አሁን የምለው አጣሁ።

ሊመሽ ሲል ፓርኩ በር ደረስን። ጋሽ ይርጋ "ዛሬ ከውጭ ብቻ፤ ሙሉውን ነገ" አለኝ። በአጥሩ ፍርግርግ በኩል ሐይቁ ይታያል። የውኃ ምንጩ ከሙዚቃ ጋር ሲነሳ የተሰበሰበው ሰው "ኡ!" አለ። ጋሽ ይርጋ ውኃውን አልነበረም የሚያየው፤ እኔን ነበር፣ ተደስቼ እንደሆን።

ቅዳሜ

እትዬ ዘይነባ ጨጨብሳ በማርና በቂቤ፣ ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ደግሞ ሻይ በዳቦ አስከተሉ። ጋሽ ይርጋ "ሴትዮዋ ለበዓል ሊያርዱኝ ነው እንዴ?" እያለ በላ። እሳቸው ቆመው ሳህኑ እስኪያልቅ ጠበቁ።

ፓርኩ ሲከፈት ገባን። መግቢያውን ልክፈል ብል "እንግዳ ነህ" ብሎ ገፈተረኝ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ያውቀዋል፤ "ዛሬ ተሳፋሪ ይዘዋል?" አለው። "አንድ ብቻ፣ እሱም ዝምተኛ ነው" አለ ጋሽ ይርጋ።

ስመ ጥሩውን ክፍል ባጭሩ ልንገራችሁ፤ በቴሌቪዥን አይታችሁታል። ሰው ሠራሽ ሐይቁ ዙሪያው በድንጋይ ተገንብቷል፤ ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ጠዋት ላይ ሕንፃዎቹ ተገልብጠው ይታዩበታል። ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራ የትርኢት መቀመጫ አለ። አበቦቹ በቀለም ተከፋፍለው ነው የተተከሉት፣ አንድም አረም አላየሁም። የልጆች መጫወቻው መሬቱ ለስላሳ ነው፤ ቢወድቁ አይጎዱም። የእኛ ልጆች ብሎኮቹ መካከል አሸዋ ክምር ላይ ሲንሸራተቱ ትዝ አሉኝ። አንዲት እናት ልጇን "ና፣ ፎቶ!" እያለች ታሳድዳለች፤ ልጁ ጫማውን አውልቆ ሳሩ ላይ ይሮጣል፣ ጥበቃው ፊሽካ ይነፋል።

ጋሽ ይርጋን ያስጨነቀው ቅደም ተከተሉ ነበር።

"ምንጩን መጀመሪያ ባሳየው ሌላው ይቀልበታል። ሐይቁን መጀመሪያ ባደርግስ? አንተ ዳዊትን ታውቀዋለህ፤ ምን ይሻላል?"

"ሐይቁ ይሻላል" አልኩ። ድምፄ ደህና ነበር። "ዳዊት ውኃ ይወድ ነበር።"

ካወጣሁት በኋላ ነው የሰማሁት። ጋሽ ይርጋ ቆመ።

"ነበር አትበል" አለኝ። እንደ ቁጣም እንደ ቀልድም ነበር። "ነበር የሚባለው ለሞተ ሰው ነው። ልጄ ሥራ ሄደ እንጂ ምን ሆነ? ይወዳል በል።"

"ይወዳል" አልኩ።

"እንደሱ!" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እኔ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ አልኩ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም።

ቅዳሜ ስለሆነ ረፋድ ላይ ሙሽሮች መጡ። አንደኛው ወገን ድልድዩ ላይ፣ ሌላው አበባው ጋ፣ ሦስተኛው ተራውን ይጠብቃል። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ትከሻቸው ላይ ጥለዋል፣ ፎቶ አንሺው "ሙሽራው፣ ሳቅ እንጂ! ተገደህ ነው እንዴ?" ይላል። ሙሽራዋ ከቬሎዋ ሥር ሸራ ጫማ አድርጋ ነበር። ጋሽ ይርጋ ከአንዱ ጎን ቆሞ ሁሉን በጥንቃቄ አየ።

"ድልድዩ ላይ ጀርባው ፀሐይ ነው፤ ፊታቸው ይጨልማል" አለኝ። "የዳዊትን እዚያ አላስነሳም። ከዛፉ ሥር ነው።"

ከዚያ ድንገት ሰልፉን ሰንጥቆ ወደ አንድ ሚዜ ሄደና "የኔ ልጅ፣ ስልክህን አንድ ጊዜ ብትሰጠኝ? የኔ ተበላሽቶ ልጄን ላናግረው ነው" አለ። ልጁ ወዲያው ሰጠው። ስደርስ ጋሽ ይርጋ ቁጥሩን በቃሉ እየነካ ነበር። ልይዘው እችል ነበር፣ ምን ብዬ? አጠገቡ ቆሜ ሰማሁ። ያቺ የምናውቃት የተቀዳች የሴት ድምፅ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት እንደማይችሉ ነገረችው። እስከ መጨረሻው፣ እንግሊዝኛውንም ጭምር፣ በአክብሮት አዳመጣትና ስልኩን መለሰ።

"ታወር የሚተክለው እሱ፣ ኔትወርክ የሌለውም እሱ" አለ። ሚዜው ሳቀ። ጋሽ ይርጋ ለሙሽሮቹ "ውለዱ ክበዱ" ብሎ መረቃቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ ድብቁን ክፍል አሳየኝ። ይህን በቴሌቪዥን አታዩትም። ከውኃ መግፊያው ክፍል ጀርባ፣ ረጃጅም ሳር የተተከለበት ጥግ አለ፤ አትክልተኞቹ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያ ነው። ብርቱካን የምትባል አትክልተኛ ጓንቷን አውልቃ ቦታ ለቀቀችልን። "የጋሽ ይርጋ እንግዳ የእኛም እንግዳ ነው" ብላ ከምሳ ዕቃዋ ፍርፍር አካፈለችን። ከመግፊያው ቤት የሚወጣው ሙቀት ጀርባችንን ያሞቃል። እዚያ ተቀምጦ ከተማው አይሰማም፤ ውኃው ከመሬት በታች ሲሄድ ግን ይሰማል።

ከጥጉ ትንሽ ወረድ ብሎ አንድ የኮክ ዛፍ አለ። ማንም አልተከለውም። ከፈረሱት ግቢዎች የአንዱ ፍሬ በቅሎ ነው። ብርቱካን "ከፕላኑ ውጪ ነው፣ ንቀሉት ተብሎ ነበር፤ ሁልጊዜ ነገ እንነቅለዋለን እንላለን" አለችን። ከዛፉ አጠገብ ደግሞ ቁጥቋጦው ውስጥ ሦስት የሲሚንቶ ደረጃዎች አሉ። ወደ የትም አይወስዱም። ዳገቱን ደግፈው ስለያዙ ነው የተተዉት።

"የኔ ቤት ደረጃ ነው" አለ ጋሽ ይርጋ፣ የላይኛው ላይ ተቀምጦ። "ዳዊት እዚህች ላይ ወድቆ ነው ጥርሱ የተሸረፈው። መጨረሻ የማሳየው ይህንን ነው። ሌላውን ሁሉ ካየ በኋላ፣ ምንም ሳልነግረው እዚህ አስቀምጠዋለሁ። ያውቀዋል፣ አያውቀውም?"

እኔ ነገር ልክ ካልሆነ አልወድም፤ ታውቁኛላችሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላትና የባንኩን ሕንፃ ይዤ በዓይኔ ለካሁት። የጋሽ ይርጋ ቤት የነበረው እዚያ አይደለም፤ ከአጥሩ ውጪ፣ አሁን አስፋልት ያለበት ላይ ነው። ያ ደረጃ ምናልባት የወፍጮ ቤቱ ነው። የዳዊት ጥርስ ሲሸረፍም አብሬው ነበርኩ፤ ደረጃው ከድንጋይ የተሠራ ነበር።

"ያውቀዋል" አልኩት።

"አይደል?" ደረጃውን በመዳፉ ጠረገ። "አንተስ ጥሩ ተሳፋሪ ነህ። ሌላው ያስቸግራል፣ ውረድ ሲሉት አይወርድም።" ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "የገላን ሰዎች ግን ለምን አይመጡም ሚኪ? ስንቴ ደወልኩላቸው። ዓይናችንን አናሳየውም ይላሉ። እኔ እኮ የሚከፋቸውን ነገር አላሳያቸውም ነበር። በጥሩ ጥሩው በኩል ነበር የምወስዳቸው።"

ብርቱካን ከሩቅ አየችኝ። እንባዬን በክንዴ ስጠርግ "የሳሩ ብናኝ ነው፤ ሁሉንም ያስለቅሳል" ብላ ውኃ ሰጠችኝ። ምንም ሳታውቅ ነበር።

ወደ ላንቻ በታክሲ ተመለስን፤ ጉልበቱ አብጦ ነበር። እትዬ ዘይነባ በሞቀ ውኃና በጨው አሹለት። ሳሎናቸውን ስመለከት ሶፋው ግድግዳ ድረስ ተገፍቷል፤ ከጎሚስታው የተዋሷቸው አግዳሚ ወንበሮች በአንሶላ ተሸፍነው ጥግ ተደርድረዋል። "ምን ሊሆን ነው ይሄ ሁሉ?" አላቸው ጋሽ ይርጋ። "ቀለም ላስቀባ ነው" አሉት። ለማያውቁት ክርስቲያን ሁሉ ቤታቸውን ለለቅሶ አዘጋጅተው፣ እንዳይታይባቸው ደግሞ ይዋሻሉ። ሁለታችንም ሰሞኑን ውሸት ለምደናል።

እሑድ

ጎህ ሳይቀድ ነቅቼ በሩን እያየሁ ነበር። ሰማዩ ነጣ። የጎረቤት ዶሮ ጮኸ። ማንም አላንኳኳም። ሽንት ቤት ገብቼ ለጋሽ ወንድሙ ደወልኩ።

"ጎተራ ላይ መንገዱን ለሯጮች ዘግተውታል!" አለኝ። ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማል። "ሃይገሩ እየዞረ ነው። እንዳትለየው።"

ጋሽ ይርጋ ግን ለብሶ ጨርሷል። "ዛሬ ሰው ሳይበዛ ሐይቁን እናየዋለን፤ ትናንት ሙሽሮቹ አበላሹብን" አለ። እትዬ ዘይነባ የቡላ ገንፎ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። "ሳትበላ አትወጣም።" በላ። "ድገም።" ደገመ። "ጉልበትህስ?" "ተሽሎኛል፣ እጅዎ ይባረክ።" "ትንሽ ቆይ፣ ሻይ ላፍላ።" "ሻዩን ስንመለስ!" አለና በጎናቸው አልፎ ወጣ። እትዬ ዘይነባ ባዶውን ሳህን ይዘው አዩኝ። ለጋሽ ወንድሙ "ወደ ፓርኩ በር እየሄደ ነው" ብዬ መልእክት ላክሁ። "በኦሎምፒያ በኩል እንመጣለን" አለኝ።

መንገዱ ጭር ብሏል። አየሩ ንጹሕ ነበር፣ ቀዝቃዛ፣ የጥቅምት ጠዋት። ጋሽ ይርጋ ፌርማታ ሳይጠራ ሄደ። በሩ ገና አልተከፈተም። የትናንቱ ጥበቃ በፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ራዲዮ ይሰማል። ልጆች የያዙ ሁለት ቤተሰቦችም ይጠብቃሉ፤ አንዲቱ ልጅ ፊኛ ይዛለች።

ሃይገሩ ከታች ሲመጣ አየሁት። መንገዱ ዳር ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ እናንተ ወረዳችሁ። ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ሌላ ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። እናቴን አየሁ፣ የወፍጮ ቤቱን ሰዎች አየሁ።

ጋሽ ይርጋም አየ። ፊቱ ሲበራ እንደዚያ አይቼው አላውቅም።

"መጡ!" አለ። ክንዴን ያዘኝ። "ሚኪ፣ መጡ እኮ! አንተ ነህ የነገርካቸው? የካዛንቺስ ሰው በሙሉ!" ወደ ጥበቃው ዞረ። "የኔ እንግዶች ናቸው፣ የሰፈሬ ሰዎች። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ወደ እኔ ነው የመጡት፤ ልብሳቸውን አታይም?" ጉልበቱን እየጎተተ ወደ እናንተ ሮጠ። "እንኳን መጣችሁ! ጠጋ ጠጋ በሉ! በየት በኩል ላስገባችሁ? ሐይቁ ይሻላል፣ መጀመሪያ ሐይቁ..."

የመጀመሪያዋን ሴት ሳማት። ሁለተኛዋን ሳማት። ማንም አልመለሰለትም። እናንተ የነበራችሁት ታስታውሳላችሁ። ሦስተኛው ላይ ፍጥነቱ ቀነሰ። ከዚያ እህቱ ከሃይገሩ በመጨረሻ ወረደች፤ ሁለት ሰዎች ደግፈዋት፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ።

"አንቺም?" አላት። "ከደብረ ብርሃን? ፓርክ ልታዪ?"

ጋሽ ወንድሙ ቀረበና ክንዱን ያዘው። ጋሽ ይርጋ የእያንዳንዳችንን ፊት በየተራ አየ፤ የእኔንም።

"ማነው?" አለ።

ከዳዊት ሌላ በዚህ ዓለም ያለችው እህቱ ብቻ ናት፣ እሷም ፊቱ ቆማለች። ግን ጠየቀ። "ማነው? ንገሩኝ እንጂ፣ ማነው?"

ጋሽ ወንድሙ ነገረው። ጋሽ ይርጋ መሬት ሳይደርስ ያዝነው። ሴቶቹ ጮኹ። ፊኛ የያዘችው ልጅ እናቷ ቀሚስ ሥር ተደበቀች። ጥበቃው ፊሽካውን ይዞ መጥቶ ነበር፤ መሰብሰብ አይቻልም ሊል ይመስለኛል። አየና ፊሽካውን ኪሱ ከተተ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተመልሶ የሚቀመጥበትን የፕላስቲክ ወንበር አመጣ። ጋሽ ይርጋን እዚያ ላይ አስቀመጥነው፤ እኛ ንጣፉ ላይ ዙሪያውን ተቀመጥን።

በሩ በሰዓቱ ተከፈተ። ሰዎች በዳር በዳራችን እያለፉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገቡ። እኛ አልገባንም። ሰፈሩ ከተለያየ ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ ካዛንቺስ ላይ የተቀመጥነው ያን ጠዋት ነው፤ ጋሽ ይርጋ ለመነሳት እስኪችል ድረስ ማንም አልተነሳም።